የጓሯችን እንግዳ ማነው? (ወይም እንሰት ለንደን ሲገባ)

የአያቶቻችን ግቢ በግ ያሰማራ ነበር። የወላጆቻችን ግቢ ሰርግ ሲመጣ ድንኳን ይችል ነበር። የእኛ ትውልድ ግቢ፣ ያውም ግቢ ያለው ከተገኘ፣ መኪና ከቆመ በኋላ የምትተርፈው አንድ ምንጣፍ የምታህል መሬት ናት።

እዚያች ምንጣፍ ላይ ምን ይተከል? ሣር ብንል በጋ ሲመጣ ውሃ ይጠይቃል፤ የቧንቧ ውሃ ደግሞ መቼ እንደሚመጣና መቼ እንደሚሄድ የሚያውቀው ራሱ ውሃው ብቻ ነው። ባሕር ዛፍ ብንል ሥሩ የጎረቤት አጥር ያነሳና ወረዳ ያካስሰናል። አበባ በጣሳ ብንል ያምራል፤ ግን ግድግዳ አይሸፍንም፣ ጥላም አይሰጥም። የሚቀረን ትልቅ ቁጥቋጦ ነው። ከሰው ቁመት ከፍ የሚል፣ ከጣሪያ የማይበልጥ፣ ቅጠሉ ወይም አበባው ዓይን የሚይዝ፣ ክረምቱንም በጋውንም ችሎ የሚከርም። አንዱ ብቻ ቢተከል ግቢውን ግቢ የሚያስመስል ማለት ነው።

እንዲህ ያለውን ተክል ስንፈልግ «ለየት ያለ» እንላለን። ልብ ብላችሁ እንደሆነ በከተማችን ቋንቋ «ለየት ያለ» ማለት «የውጭ» ማለት ነው። ከጓሮ ጀርባ ሳይጠሩት የበቀለ ነገር ምንም ቢያምር ለየት ያለ አይባልም። እሱ ጫካ ነው፣ አረም ነው፣ ቢበዛ መድኃኒት ነው።

እኛም ይህን ነገር ይዘን ወደ ኋላ ስንቆፍር አንድ የሚያስቅም ትንሽ የሚያስቆጭም ታሪክ አገኘን። ከመቶ ስድሳ ዓመት በፊት ለንደኖች ይህንኑ የእኛን ጥያቄ ይጠይቁ ነበር። «ለየት ያለ ምን እንትከል?» ብለው ዓለምን ሲያስሱ ካገኟቸውና በፓርኮቻቸው ፊት ለፊት ካቆሟቸው ተክሎች መካከል ሁለቱን እናንተም እኛም እናውቃቸዋለን። እንሰትና ጉሎ ናቸው። አዎ፣ ያው የቆጮው እንሰት። አዎ፣ ያው ምጣድ የሚሟሽበት ጉሎ።

እንግዲህ ታሪኩን ከመጀመሪያው እንያዘው። (የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ ኤውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ያልታመነው ሰውዬ

ጄምስ ብሩስን የምናውቀው ከዓባይ ምንጭ ጋር ነው። ስኮትላንዳዊው በ1770 ጎንደር ገባ፤ በ1771 መጨረሻ ወጣ። ወቅቱ ራስ ሚካኤል ስሑል ንጉሥ የሚሾሙበትና የሚሽሩበት፣ ዘመነ መሳፍንት የባተበት ክፉ ጊዜ ነበር። ብሩስ ግን በዚያ ሁሉ ግርግር መሀል ወፉንም ዓሣውንም ቅጠሉንም ይመዘግብ ነበር። አብሮት ሉዊጂ ባሉጋኒ የሚባል ጣሊያናዊ ሠዓሊ ነበር፤ የቦሎኛ ልጅ። ባሉጋኒ በ1771 እዚያው ጎንደር ሞተ። ብሩስ አገሩ ሲገባ ብዙዎቹን የባሉጋኒ ሥዕሎች የራሱ አስመስሎ አቀረባቸው። (ሥራ ሠርቶ ስም ማጣት በእኛ ዘመን የተጀመረ እንዳይመስላችሁ።)

የብሩስ መጽሐፍ በ1790 በአምስት ቅጽ ታተመ። የመጨረሻው ቅጽ ስለ እንስሳትና ዕፅዋት ነው፤ እዚያ ውስጥ እንሰት ከነሥዕሉ አለ። ቅጠሉ ሙዝ ይመስላል፣ ግን ሙዝ አይደለም፤ ፍሬው አይበላም፣ የሚበላው ግንዱ ነው ይላል። በወተት ወይም በቅቤ ሲበላ ለጤና ተስማሚ፣ ለሆድም የማይከብድ ምግብ ነው ብሎም አወድሶታል።

ችግሩ የለንደን ሰው ብሩስን አላመነውም። በተለይ ከቁም ከብት ሥጋ ተቆርጦ ሲበላ አየሁ ያለው ነገር የቡና ቤት መሣቂያ አደረገው። አንድ ጊዜ ውሸታም የተባለ ሰው የተናገረው ሁሉ ይጠረጠራልና ሰውዬው ብዙ ጥርጣሬ ተከትሎት በ1794 ሞተ። ስሙ ግን ከሥዕሉ ጋር ቀረ። ጀርመናዊው ሊቅ ግመሊን በ1791 ለተክሉ ሳይንሳዊ ስም ሲያወጣ የእኛኑ ቃል ወስዶ «ሙሳ ኤንሴቴ» አለው። ዛሬ የሚጠራበት ሙሉ ስም «ኤንሴቴ ቬንትሪኮሱም» ነው። ሁለተኛው ቃል «ሆደ ትልቅ» እንደማለት ነው፤ የግንዱን ማበጥ አይተው ነው። የመጀመሪያው ግን አስተርጓሚ አያስፈልገውም። የአገራችን ገበሬ የሚጠራው ስም ሳይቀየር የዓለም ዕፅዋት መዝገብ ውስጥ ገብቶ ተቀምጧል።

ከምጽዋ የተላከ ዘር

ከዚያ ስድሳ ዓመት ያህል ዝም። በ1853 በምጽዋ የእንግሊዝ ቆንስል ጥቂት ዘር ጠቅልሎ ለንደን አጠገብ ወዳለው የኪው ዕፅዋት ማዕከል ላከ። «አገሬው እንሰት ይለዋል» የሚል ማስታወሻም ነበረው። ቆንስሉ ዋልተር ፕላውደን ነው፤ በኋላ ዐፄ ቴዎድሮስ የሆኑት ካሣ ኃይሉ ወዳጅ።

የኪው ሰዎች ዘሩን አይተው አላወቁትም። የብሩስ ተክል ዘር በእጃቸው ገብቶ አያውቅም፣ ለማነጻጸርም የሚሆን ነገር አልነበራቸውም። ዝም ብለው ዘሩት። ሲበቅልና ቅጠሉ ሲዘረጋ ነው የተገለጠላቸው። ያ የብሩስ «ተረት» በመስታወት ቤታቸው ውስጥ ቆሞ እያያቸው ነው! በጥቂት ዓመታት ውስጥ ወደ ጣሪያው ሲያድግ ዕፅዋት ወዳዱ ሁሉ ሊያየው መጣ። ብሩስ ቢያንስ በእንሰት ጉዳይ ከሞተ በኋላ ነጻ ወጣ።

የላኪው መጨረሻ ግን አላማረም። ፕላውደን በ1860 ጎንደር አጠገብ በዐመፀኞች ጥቃት ቆስሎ ሞተ። ተተኪው ካሜሮን በ1864 መጀመሪያ በዐፄ ቴዎድሮስ ታሰረ፤ ነገሩ እየተወሳሰበ ሄዶ በ1868 መቅደላ ላይ በምን እንደተፈጸመ ሁላችንም እናውቃለን። ዘውዱ፣ ብራናው፣ ጽላቱ ተጭኖ ሄደ። ልዑል ዓለማየሁ በሰባት ዓመቱ እንግሊዝ ሲደርስ የአገሩ እንሰት ቀድሞት ደርሶ ነበር።

ጉሎ የነገሠበት ፓርክ

አሁን ወደ 1860ዎቹ ለንደን እንግባ። ከተማዋ ከፋብሪካ ጢስ የተነሳ መተንፈስ አቅቷት ለሠራተኛው ሕዝብ ፓርክ እየከፈተች ነው። ከእነዚህ አንዱ በቴምዝ ወንዝ ደቡብ ያለው ባተርሲ ፓርክ ነው፤ በ1858 ተከፈተ። ኃላፊው ጆን ጊብሰን ነበር። በወጣትነቱ ጌታው ተክል እንዲሰበስብ ሕንድ ድረስ የላከው ሰው ነው።

የዘመኑ የአትክልት ፋሽን ቀይ፣ ቢጫ፣ ሰማያዊ አበባ እንደ ምንጣፍ መደርደር ነበር። ጊብሰን ሌላ ነገር አሰበ። ሕንድ ያየውን ትልልቅ ቅጠል ለንደን መሀል ቢያቆመውስ? በ1864 የባተርሲው የሞቃት አገር አትክልት ለሕዝብ ታየ። ሙዝ መሳይ ቅጠሎች፣ ግንድ ያላቸው ፈርኖች፣ ካና፣ እነዚያ የሰው እጅ የሚያህል ቅጠል ያላቸው ጉሎዎች። በእነዚህ ዓመታት እንሰትም ከመስታወት ቤት ወጥቶ በለንደን አደባባይ ቆመ። ከፋብሪካ ወጥቶ እሑድን ለመናፈስ የመጣው ሠራተኛ በሕይወቱ አፍሪካንም እስያንም አይቶ የማያውቅ ነበርና አፉን ከፍቶ ቀረ። አትክልት ለእሱ ሳንቲም ሳይከፍል የሚሄድበት ባሕር ማዶ ሆነለት።

ጉሎን በዚህ ዝርዝር ውስጥ ስናገኘው መጀመሪያ ሣቅን። ከዚያ አሰብንበት። ጉሎ የትውልድ ቦታው ይህ የእኛ የምሥራቅ አፍሪካ ክፍል እንደሆነ ይታመናል። የጥንት ግብፆች ዘይቱን ያውቁት ነበር፤ ዘሩ በመቃብሮቻቸው ተገኝቷል። በአንድ ክረምት ከሰው በላይ ይቆማል፤ ቅጠሉ እንደ ኮከብ የተሰነጠቀ ነው፤ አንዳንዱ ዓይነት ግንዱም ቅጠሉም ወደ ቀይ ያደላል። እኛ ቆሻሻ መጣያ ዳር ስለምናየው እንጂ መልኩ የንጉሥ ነው። በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል የተባለው ለዚህ ሳይሆን አይቀርም።

(አንድ ማስጠንቀቂያ፦ የጉሎ ዘር ውስጥ ሪሲን የሚባል ኃይለኛ መርዝ አለ። በ1978 እዚያው ለንደን ውስጥ የቡልጋሪያው ስደተኛ ደራሲ ጆርጂ ማርኮቭ የተገደለው ጭኑ ውስጥ በተተኮሰች የሪሲን እንክብል ነው። ሕፃን ያለበት ቤት ጉሎ የሚተክል ሰው የአበባውን ዘንግ ዘር ሳይቋጥር መቁረጥ አለበት።)

«ጠንካራ» የሚለው ቃል ሲወለድ

የጊብሰን አትክልት አንድ ችግር ነበረበት፤ ወጪው። እንሰቱም ጉሎውም የእንግሊዝን ክረምት አይችሉም። ውርጭ ነክቷቸው በማግሥቱ ይጠቁራሉ። ስለዚህ በበጋቸው መግቢያ ይወጣሉ፣ በመስከረም እንሰቱ ተነቅሎ ወደ መስታወት ቤት ይመለሳል፣ ጉሎው ይጣላል። መስታወት በ1845 ቀረጡ ከተነሳለት ወዲህ ረክሷል፤ ግን ቤቱን ለማሞቅ የድንጋይ ከሰል ሌት ተቀን ይነዳል። ይህን የሚችል መንግሥት ወይም መኳንንት ነው። ከቤቱ ጀርባ አሥር እርምጃ መሬት ያለችው ጸሐፊ ወይም ባለ ሱቅ ምን ያድርግ?

መልሱን ያመጣው ዊልያም ሮቢንሰን የሚባል አየርላንዳዊ አትክልተኛና ጋዜጠኛ ነው። (ጋዜጠኛ መሆኑን ያሰመርንበት ያለ ምክንያት አይደለም።) በ1867 ፓሪስ ሄዶ የእነሱን ፓርኮች ተመለከተ፤ በ1871 ስለ ሞቃት አገር አትክልት መጽሐፍ አወጣ። ሐሳቡ ቀላል ነበር። ሰው የሚማረከው በቅጠሉ ስፋትና በቅርጹ ነው፤ ተክሉ ከምድር ወገብ መጣ አልመጣ ለዓይን ለውጥ የለውም። ስለዚህ ያንኑ መልክ የያዘ፣ ግን ውርጭ የሚችል ተክል ፈልጋችሁ ትከሉ። ከሰልም፣ መስታወት ቤትም፣ በየዓመቱ መንቀልም ቀረ።

እድለኛ ሆኖ ተክሎቹ አገሩ ገብተው ነበር። ናታንኤል ዋርድ የሚባል የለንደን ሐኪም በ1829 የታሸገ ጠርሙስ ውስጥ ፈርን ሳይጠጣ እንደሚኖር በአጋጣሚ አየ፤ ከዚያ የተሠራው የመስታወት ሣጥን ተክሎችን ከነሕይወታቸው በመርከብ ለማጓጓዝ አስቻለ። ፋትሲያ የተባለው ትልቅ ቅጠላም ቁጥቋጦ ከጃፓን በ1838 እንግሊዝ ደረሰ። የቻይናን ዘንባባ ሮበርት ፎርቹን በ1849 ላከው። ዩካ ከአሜሪካ፣ ቀርከሃ ከምሥራቅ እስያ መጡ። ሁሉም ባዕድ መልክ አላቸው፤ ሁሉም በረዶ ይችላሉ።

ከእነዚህ ለጠባብ ግቢ የተመቸው ፋትሲያ ነበር። ሁለት ሦስት ሜትር ይቆማል፤ ቅጠሉ የተዘረጋ መዳፍ ይመስላል፣ ያብረቀርቃል፤ የከተማ ጢስም የግድግዳ ጥላም አይበግረውም። በፎቅ ቤቶች መሀል በታፈነች አንዲት ጓሮ ውስጥ ፋትሲያ ማቆም ማለት ያችን ጓሮ የሌላ አገር ማድረግ ማለት ነበር። አትክልተኞቹ እግረ መንገዳቸውን አንድ ነገር ተማሩ፤ ለእኛም ይጠቅመናል። በጠባብ ቦታ ላይ አሥር ትንንሽ ተክል ሲደረደር ቦታው ይበልጥ ይጠባል፤ አንድ ትልቅ ቅጠላም ተክል ሲቆም ግን ዓይን ዳርቻውን ትቶ ተክሉ ላይ ስለሚያርፍ ግቢው ሰፋ ያለ ይመስላል።

ፋሽኑ ከዚያ በኋላ ሞቶ ተነሥቷል። በደቡብ እንግሊዝ ያለው ግሬት ዲክስተር የታወቀ የጽጌረዳ አትክልት ነበረው። በ1990ዎቹ መጀመሪያ ባለቤቱ ክሪስቶፈር ሎይድ ጽጌረዳውን ነቅሎ በምትኩ እንሰት፣ ካና፣ ጉሎ ሲተክል ብዙ ሰው ተቆጣ፤ አይቶት ሲመለስ ግን ብዙው ሰው ይህንኑ ቤቱ ሊሞክር ተነሣ። ዛሬ እንግሊዝ ውስጥ «ማውሬሊ» የሚባለው ቅጠሉ ቀላ ያለ እንሰት በየችግኝ ቤቱ ይሸጣል። የሚገዛው ሰው ክረምት ሲመጣ በጭድ ጠቅልሎ ወይም ቤት አስገብቶ ያሳድረዋል። እኛ ብርድ ልብስ የማናለብሰውን ተክል ማለት ነው።

በዚህ በኩል ደግሞ ማን መጣ?

የሚገርመው በዚያው ዘመን ትራፊኩ በሁለቱም አቅጣጫ ነበር። አዲስ አበባ በ1886 ስትቆረቆር በዙሪያዋ የነበረው ደን ማገዶና ቤት መሥሪያ ሆኖ ቶሎ አለቀ። ዳግማዊ ምኒልክ ዋና ከተማውን ወደ አዲስ ዓለም ለመውሰድ እስከማሰብ ደርሰው ነበር። ከተማዋን ያተረፋት በ1890ዎቹ የገባው የአውስትራሊያው ነጭ ባሕር ዛፍ ነው። ስሙን እዩት፦ ከባሕር ማዶ የመጣ ዛፍ። ቋንቋችን እንግዳን በስሙ ላይ ምልክት አድርጎ ነው የሚቀበለው። ለአጥር የምንተክለውም «የፈረንጅ ጥድ» ነው፤ ትውልዱ የመካከለኛው አሜሪካና የሜክሲኮ ተራራ።

ቡገንቪላን እንውሰድ። በ1767 ፈረንሳዊው ሐኪምና ዕፅዋት አጥኚ ኮመርሶን ሪዮ ዴ ጃኔሮ አጠገብ ሰብስቦ በመርከቡ አዛዥ በቡጌንቪል ስም ጠራው። የኮመርሶን «ረዳት ወንድ ልጅ» ግን ወንድ አልነበረም። ዣን ባሬ የምትባል ሴት ነበረች፤ ሴት መርከብ ላይ መሳፈር ክልክል ስለነበር የወንድ ልብስ ለብሳ፣ ዕቃ ተሸክማ፣ ተክል ለቅማ ዓለምን የዞረች የመጀመሪያዋ ሴት ሆነች። አበባው በአዛዡ ስም ቀረ። ከእንግዲህ በአጥራችሁ ላይ ሐምራዊውን ስታዩ የማንን ስም ማስታወስ እንዳለባችሁ አውቃችኋል።

ገና ሲቃረብ በየግቢው የሚቀላው ፖይንሴቲያ የሜክሲኮ ልጅ ነው። በዚያ የአሜሪካ መልእክተኛ የነበረው ፖይንሴት በ1828 ወደ አገሩ ልኮት ስሙን ሰጠው፤ አዝቴኮች ግን ከእሱ በፊት የራሳቸው ስም ነበራቸው። ቀዩ ነገር አበባ ሳይሆን ቅጠል ነው። ኤውሮፓ ውስጥ ይህ ተክል በገና ሰሞን በትንሽ ጣሳ ተሸጦ ብዙም ሳይቆይ ይጣላል፤ እዚህ ግን ቁጥቋጦ ሆኖ ጣሪያ ያክላል። ጠርሙስ መጥረጊያ የሚመስለው ቀይ አበባም አውስትራሊያዊ ነው፤ ጆሴፍ ባንክስ ከካፒቴን ኩክ ጋር በ1770 ያገኘው።

እነዚህ እንግዶች አመል ያላቸው ናቸው። ሁሉም ግን እንደነሱ አይደለም። ለጌጥ ተብሎ ከአሜሪካ በብዙ አገር የተተከለው ላንታና፣ እኛ የወፍ ቆሎ የምንለው፣ ፍሬውን ወፍ እየበላ ዘሩን በየሜዳው ይበትነዋል። በምሥራቅ ኢትዮጵያ የግጦሽ መሬት እየዋጠ አርብቶ አደሩን አስለቅሷል። ቅጠሉ ለከብት መርዝ ነው። ያን ሁሉ ያመጣው አንድ ሰው አበባውን አይቶ «ለየት ያለ ነው» ማለቱ ነው።

የእኛ «ጠንካራ» የቱ ነው?

እንግሊዞች «ጠንካራ» ሲሉ ውርጭ የሚችል ማለታቸው ነው። እኛ ይህን ቃል እንዳለ ብንወስደው እንሳሳታለን። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር አካባቢና ከዚያም በላይ ላይ ናት። በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት በተለይ ወደ እንጦጦ ግርጌና በዝቅተኛ ሜዳዎች ውርጭ ሊወርድ ይችላል። ዋናው ፈተና ግን እሱ አይደለም። ከሰኔ እስከ መስከረም ሰማዩ ሳያቋርጥ ይወርዳል፤ ከዚያ ወራት ሙሉ ደረቅ። በቦሌና በደቡብ ምሥራቅ ሰፈሮች ያለው ጥቁር ኮቲቻ አፈር በክረምት ያብጣል፣ ውሃ ያቁራል፤ በበጋ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ያወጣል። ስለዚህ የእኛ ጠንካራ ተክል ሥሩ በሐምሌ ውሃ ውስጥ ሰጥሞ የማይበሰብስ፣ በመጋቢት ውሃ ጠምቶት የማይሞት ነው። ይህን ፈተና በሺህ ዓመታት ያለፈው ደግሞ እዚሁ ደጋ ላይ የበቀለው ነው።

እናስ ምን አለን?

እንሰት። በትክክለኛው ቋንቋ ዛፍም ቁጥቋጦም አይደለም፤ ግንድ የሚመስለው የቅጠል እቅፍ ነው። በግቢ ውስጥ ግን የትልቅ ቁጥቋጦ ሥራ ይሠራል። ቦታው የግድግዳ ጥግ ነው፤ ነፋስ ቅጠሉን እንዳይቀደው። ቢያንስ ሁለት ሜትር ተኩል ስፋት ይፈልጋል። ዓመታት ኖሮ አንድ ጊዜ ብቻ ያብባል፣ ከዚያ ይሞታል።

ጌሾ። ጠላና ጠጅ ስለምናስብ መልኩን አይተነው አናውቅም። ቅጠሉ ዓመቱን ሙሉ አረንጓዴ፣ የተቀባ ያህል የሚያብረቀርቅ፤ ፍሬው ከቀይ ወደ ጥቁር የሚሄድ። እንደፈለጉ ይቆረጣል፤ በሁለት ሜትር ቁመት ይያዛል። የጃፓኑን ፋትሲያ ሥራ እዚህ የሚሠራልን እሱ ነው።

የፈረስ ዘንግ። ብርቱካንማ አበባው በዘንጉ ላይ እንደ ኳስ እየተደራረበ ይወጣል፤ የአበባ ማር የሚመጡ ትንንሽ ወፎች ከእሱ አይጠፉም። አምጃ። የደጋ ልጅ ናት፤ ትልልቅ ቢጫ አበባ አላት፣ ብርድ አትፈራም። ቀጋ። ነጭና መዓዛ ያለው፣ ከሰሃራ በታች ያለችው አፍሪካ የራሷ የምትለው ጽጌረዳ፤ እሾሁ ደግሞ ከአጥር ሽቦ ይልቃል። ግራዋ። የጠላ ጋን የሚታጠብበት መራራ፤ ተቆርጦ ወዲያው የሚያቆጠቁጥ፤ ሲያብብ ንብ የሚወረው። ክትክታ። ድንጋይ ላይም የሚኖር።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ግልጽ ይሁን። «የውጭ ተክል ይነቀል» የሚል ዘመቻ አልያዝንም። ባሕር ዛፍ ባይመጣ ኖሮ ከተማችን ዛሬ እዚህ ቦታ ላይኖር ይችል ነበር፤ ቡገንቪላም በበጋ ሳይጠጣ የሚያብብ ባለውለታ ነው። የምንለው መመዘኛው ይስተካከል ነው። ተክል ሲመረጥ ስንት ሜትር ይሆናል፣ ስንት ውሃ ይጠጣል፣ ሥሩ የት ይሄዳል፣ ዘሩ የት ይበተናል ተብሎ ይጠየቅ። ፓስፖርቱ የመጨረሻው ጥያቄ ይሁን። በዚህ ፈተና የእኛዎቹ ከውጮቹ እኩል ቢቀርቡ የሚያሸንፉበት ጊዜ ብዙ ነው። ችግሩ አይቀርቡም። ችግኝ ቤት ውስጥ ጌሾና አምጃ ፈልጎ ማግኘት ከባድ ነው፤ የማይገዛ ነገር ማንም አያፈላምና።

የግቢ አሠራርም ቢሆን ከውጭ መጽሔት መቅዳት የለብንም። የጉራጌን መንደር ያየ ሰው ጀፎረን ያውቃል። ከቤቶቹ ፊት ለፊት ሰፊና የተጠበቀ ሣር መንገድ፤ ከቤቱ ጀርባ ጥቅጥቅ ያለ እንሰት። ፊቱ ገላጣ፣ ጀርባው ከፍ ያለ አረንጓዴ ግድግዳ። ትንሹን ከፊት ትልቁን ከኋላ የሚለውን የአትክልት ሕግ የጉራጌ ገበሬ ከነምግቡ ሲሠራበት ኖሯል። ይህ አሠራር በምንጣፍ ልክም ቢሆን ይሠራል፦ በሩ በኩል ገላጣ ይተው፣ ትልቁ ተክል የጀርባ ግድግዳውን ይያዝ።

ነገሩ ከውበትም ያልፋል። እንሰት በደቡብና በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሃያ ሚሊዮን ለሚያህል ሰው ምግብ ነው፤ ገበሬዎች በየቋንቋቸው ስም ያወጡላቸው በመቶዎች የሚቆጠሩ ዓይነቶች አሉት። ያ በ1853 ዘሩን ሳያውቀው የዘራው ኪው፣ ዛሬ ከኢትዮጵያ ተመራማሪዎች ጋር ሆኖ እንሰትን የሚያጠናው ለጌጥ አይደለም። በ2022 የወጣ ጥናት እርሻው ቢስፋፋ በአየር ንብረት ለውጥ ዘመን ተጨማሪ ከመቶ ሚሊዮን በላይ ሰው ሊመግብ እንደሚችል ገምቷል። እንግሊዞች ጌጥ ነው ብለው ጀምረው ምግብነቱ ላይ ደረሱ። እኛ ምግብነቱን እናውቃለን፤ ጌጥነቱን ማየት አቃተን። ያላየነውን ደግሞ አንተክልም፤ ያልተከልነውም ከነስሙ፣ ከነዓይነቱ፣ ከነሙያው ከከተማው ልጅ እጅ ይወጣል።

ስለዚህ ምንጣፍ የምታህል መሬት ያላችሁ፣ አንድ ጉድጓድ ቆፍሩ። ግማሽ ሜትር ጥልቀት፣ ግማሽ ሜትር ወርድ፤ ኮቲቻ ከሆነ ደግሞ ከሥሩ ጠጠር አድርጉና አፈሩን ከፍግ ጋር ቀላቅሉት። ሰኔ ሲገባ የእንሰት ችግኝ አስቀምጡበት። ጉራጌ ወይም ሲዳማ ጎረቤት ካላችሁ ስለ አተካከሉ ከእኛ ይበልጥ ያውቃሉና ጠይቋቸው፤ ዓይነቱንም በስሙ ይነግሯችኋል። ስሙን መዝግቡት።